የኡሙሀኒ ነጥብ መብራቶች

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ለሠርግም ለሆቴልም የማስዋቢያ መብራት የሚፈልግ ሰው ሙሀይሚንን ነበር የሚጠራው። ሥራውን የምትሠራው ግን እህቱ ኡሙሀኒ ናት። ደሴ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ስትመለስ ሱቁም ታፔላውም በወንድሟ ስም ነበር። እሱ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል፤ እሷ ትገጣጥማለች። ይህ ለምን ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እሷም ብትሆን አልጠየቀችም።

አቶ አንዳርጋቸው የሚባሉ ሰው ሐይቁ ዳር ሆቴል ሠሩና የፊቱን ግድግዳ በመብራት አስጊጡልኝ አሉ። ኡሙሀኒ ግድግዳውን የሚያህል ዓሣ በወረቀት ነድፋ፣ ስምንት መቶ ነጥብ መብራት ይበቃዋል አለች። አንዷን መዳፋቸው ላይ ብታስቀምጥላቸው ሳቁ።

«ይቺ? የሸሚዝ ቁልፍ እኮ አታህልም!»

«ከቅርብ ነጥብ ናት። ጀልባ ላይ ሆነው ሲያዩዋት ነው ዓሣ የምትሆነው» አለቻቸው። «እንደ ድሮው አምፖል የሚግል ክር የላትም። ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍባት ውስጧ ያሉት ቅንጣቶች ራሳቸው ያበራሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። የሦስቱን መጠን እያበዛን እያሳነስን የፈለጉትን ቀለም እናወጣለን። ከመቆጣጠሪያው ሳጥን የሚመጣውን ትእዛዝ ደግሞ አንዷ ለቀጣይዋ እያቀበለች ነው የምትሄደው።»

አቶ አንዳርጋቸው ጨርሰው አዳመጡና ወደ ሙሀይሚን ዞሩ። «እንዲያ ነው?»

«እንዲያ ነው» አለ ሙሀይሚን።

ሦስት ሳምንት መሰላል ላይ ዋለች። የሐይቁ እርጥበት እንዳይገባ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሲሊኮን ደፈነች። የምረቃው ዕለት፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ዓሣው ከሰማያዊ ወደ ወርቅማ እየተለወጠ ግድግዳው ላይ ሲዋኝ፣ ከውሃው ላይ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሳይቀሩ አፏጩ። በማይክ «ይህን የሠራው ማነው?» ተባለ። ሙሀይሚን ተነሣ። ኡሙሀኒ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ አጨበጨበች። ያን ዕለት ደስታዋ እውነተኛ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሆቴሉ ሠርግ ነበረው። ከቀትር በኋላ ዝናብ ጣለ፤ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ዓሣው ድርግም አለ። ሙሀይሚን ደወለላትና በባጃጅ ከነመሣሪያዋ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ አቶ አንዳርጋቸው በእንግዳው ሁሉ ፊት ወንድሟ ላይ ይጮሁ ነበር።

«አዋረድከኝ! ይሄ ነው ሥራህ?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለ ሙሀይሚን። «እህቴ ናት የሠራችው። ሁሉንም እሷ ናት የገጠመችው።»

ኡሙሀኒ ቆመች። ስሟ ከሥራዋ ጋር በሰው ፊት ሲነሣ የመጀመሪያው ነበር።

መሰላሉን ወጥታ መስመሩን ከመነሻው መፈተሽ ጀመረች። ሩቅ አልሄደችም። ከመጀመሪያዋ መብራት በፊት እሷ የማታውቀው ቅጥያ አገኘች፤ ሽቦው በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሏል፤ ውስጡ ውሃ ቋጥሯል። ትእዛዙ እዚያው ቀርቶ ስምንት መቶውም ጨልመዋል።

«ይህን የቀጠለ ማነው?» አለች ከላይ።

ሙሀይሚን መሬት መሬት አየ። ባለፈው ሳምንት አቶ አንዳርጋቸው መቆጣጠሪያውን ወደ ጓዳ አዛውርልኝ ሲሉት፣ እሷን ሳይጠራ ራሱ ነበር የቀጠለው።

«ይህ የእኔ እጅ አይደለም፤ የእሱ ነው» አለች ኡሙሀኒ።

«የወንድምና የእህት ክርክር አልሰማም» አሉ አቶ አንዳርጋቸው። «አብሪልኝ!»

ቆርጣ፣ አድርቃ፣ በይዳ ደፈነችው። ዓሣው በራ፤ እልልታው ቀለጠ። ከመሰላሉ ስትወርድ አቶ አንዳርጋቸው የሙሀይሚንን ትከሻ እየመቱ «ከእንግዲህ ራስህ ሥራው። ለሷ አትተውላት» ሲሉት ሰማች። ሙሀይሚን «እሺ ጋሼ» አለ።

ቤት ገብታ ለእናቷ ለእማማ ዘሀራ ነገረቻቸው።

«ወንድምሽ አይደል? ሰብር አርጊ፣ ታገሺ ልጄ። የሱ ስም ያንቺም ስም ነው።»

«ሲበላሽ ግን የእኔ ብቻ ሆነ፣ እማ።»

እማማ ዘሀራ እራት አቀረቡ።

በወሩ ኡሙሀኒ አምባሰል፣ ውጫሌ ወርዳ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየችና ስልክ ትጠግን ጀመር። የተሰበረ ስክሪን፣ የማይሞላ ባትሪ፤ ሥራው አያልቅም፣ ደስም አይልም። ለዒድ ቤት ስትሄድ ሙሀይሚን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ከእሷ ጋር በአንድ ትሪ ቀረበ።

«ደሴ ላይ ትልቅ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ጣሪያው በሙሉ ኮከብ እንዲሆን ይፈልጋሉ» አላት። «ያላንቺ አይሆንም።»

«በማን ስም?»

ሳቀ። «ደግሞ ጀመርሽ! ቂም ያዝሽብኝ እንዴ?»

«አዎ» አለች። «ያዝኩ።»

እማማ ዘሀራ «ኧረ በአላህ፣ በዒድ ቀን!» አሉ፤ የተቆጡት ግን እሷን ነበር። ሙሀይሚን መብላቱን ቀጠለ። ኡሙሀኒ እጇን ታጥባ ነጠላዋን አነሣችና መናኸሪያ ወጣች። ሚኒባሱ እስኪሞላ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ ሳታስበው ያንን የኮከብ ጣሪያ በሐሳቧ እየዘረጋች ነበር፤ የቱ ጥግ ላይ ይጠጋጋሉ፣ የቱ ጋ ይራራቃሉ። ልብ ስትለው ተናደደች። ሥራውን እንዲህ እንደምትወደው ሙሀይሚን ያውቃል፤ ለዚህም ነበር የሳቀው።