ማግኔቱ ከሐዲዱ ስር

ጎረቤቴ ሥርጉት ለእህቷ በስልክ ስታወራ በግንቡ በኩል ሰማኋት። ጮክ ብላ ስለምታወራ ጆሮ መጣል እንኳ አያስፈልግም። «የኔ ተከራይ ፈለቀ ሮማናት አደባባይ ጋ ካሉት ሬዲዮ ጠጋኞች የሞተ ድምፅ ማጉያ እየለመነ ይለቅማል» አለች። ቀጥላ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ «ሊያገባት በሚፈልጋት በፍሬ ላይ ሊያስደግምባት ነው አሉ» አለች።

ይሄን ሰምቼ ቤቴ እቀመጣለሁ? አንድ ሰሃን ቆሎ ይዤ የፈለቀን በር አንኳኳሁ።

ፈለቀ እንደኔው ወሎዬ ነው፣ የኮምቦልቻ ልጅ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት መኪና ይጠግናል። ክፍሉ ገብቼ ዐይኔን ባንከራትት ድግምት የሚመስል ነገር የለም። ጣውላ ላይ ሐዲድ ዘርግቷል፣ መዳፍ የምታህል ባቡር አለች፣ ከኋላዋ ከጫማ ካርቶን የተሠሩ ሦስት ፉርጎዎች። ፍሬ ለምታስተምራቸው ሕፃናት የሠራው ነው፤ ባቡሯ ጣቢያ ስትደርስ የሰው እጅ ሳይነካት ፉርጎ ጥላ እንድትሄድ አስቧል። ድምፅ ማጉያውን የሚለቅመው ሆዱ ውስጥ ላለው ማግኔት ነው፤ አዲስ ማን ይገዛል።

ግን የጭንቁ ምክንያት ሕፃናቱ አይደሉም። የፍሬ አባት ሃይላይ፣ መጫወቻ ለሚሠራ ጎልማሳ ልጄን አልድርም ብሏል። እሷ ስትለምነው ስትለምነው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥቶ ሊያይ እሺ አለ። ባቡሯ ፉርጎ ጥላ ስትሄድ የሰው እጅ ፉርጎውን ከነካው ግን፣ ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ ብሎ አስጠነቀቀ።

ፉርጎዎቹ በሽቦ መንጠቆ ነው የተያያዙት። መንጠቆው ወደ ታች የተንጠለጠለች ጭራ አለችው። ከሐዲዱ ስር ያለው ማግኔት ጭራዋን ወደ ታች ሲስባት የመንጠቆው አፍ ቀና ይልና ፉርጎው ይቀራል። እንዲያ ነበር የታሰበው። ፈለቀ ሦስት ቀን ቢለፋም ጭራዋ ንቅንቅ አላለችም።

ሽቦውን ተቀብዬ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። ላዩ ነጭ ስለሆነ ብረት መስሎታል፣ ውስጡ ለካ መዳብ ነው። መዳብ ደግሞ ማግኔት ቢለምነው አይመጣም፤ የወደቀ መርፌ በማግኔት ስለቅም ያረጀሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሻሼ ላይ ስፒል ነቅዬ ሰጠሁት። ቆራርጦ ለሦስቱም መንጠቆ ጭራ አደረገውና ባቡሯን ለቀቃት። ፉርጎው ቀረ።

ችግሩ፣ አሁን ደግሞ ባለፈች ቁጥር ፉርጎ ታንጠባጥባለች። ማግኔቱ ሁልጊዜ እዚያው ነዋ። ክብሪቴን ከኪሴ አውጥቼ እንጨቶቹን ዘረገፍኩና፣ ማግኔቱን እዚህ ውስጥ አስተኛው አልኩት። የሳጥኗን ሽፋን ከጣውላው ስር በኮላ ለጠፈው፣ ማግኔቱን ለያዘችው መሳቢያ በአንድ በኩል ክር፣ በሌላው ላስቲክ አሰረላት። ክሩ ሲሳብ ማግኔቱ ከሐዲዱ ስር ይመጣል፣ ሲለቀቅ ላስቲኩ ይመልሰዋል። ወጪው ኮላው ብቻ።

እሁድ ሃይላይ ካፖርቱን ደርቦ ከፍሬ ጋር መጣ። ሥርጉት ሳትጠራ መጣች። በርበሬ ተራ የምትሸጠው ጓደኛዬ ዘኪያም ነበረች፤ ከሃይላይ ጋር ሠላሳ ዓመት አንተ አንቺ ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። ክሩን በጠረጴዛው ልብስ ስር እኔ ልያዝልህ ብዬ ፈለቀን አስቸገርኩት።

በመጀመሪያው ዙር ባቡሯ ጣቢያው ጋ ቆም አለች፣ እኔ ሳብኩ፣ የኋላው ፉርጎ ብቻውን ቀረ። ሃይላይ ጎንበስ ብሎ ከስር ከላይ አየ። ፍሬ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

ፈለቀ ፉርጎውን መልሶ አያያዘና፣ አሁን ደግሞ ምንም ሳትጥል ታልፋለች አለ። በዚህ መሀል ሥርጉት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ የሃይላይ ካፖርት የሟች ወንድሙ መሆኑን ታውቂያለሽ ወይ አትለኝም? ያንን ስሰማ ክሩን እንደሳብኩ ቀረሁ። ባቡሯ ደርሳ ነጠር ስትል ሦስቱም ፉርጎ እዚያው ዝርግፍ።

ፈለቀ ፊቱ አመድ መሰለ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ክሩ እኔ ጋ ነው ብዬ እጄን ከጨርቁ ስር አወጣሁ። ሃይላይ ግን አልሰማኝም። ባርኔጣውን አንስቶ ቆመ።

«ተነሺ ፍሬ» አላት። «ቀንና ሌሊት መለያየት የሚያጠና ሰው ትዳር ሊይዝ?»

ፍሬ አልተነሳችም። ዘኪያ የቆሎውን ሰሃን ከጭኗ ላይ አውርዳ እጇን አራገፈች።

«ሃይላይ፣ እሱ ካርቶን ከካርቶን ለመለየት ማግኔት አስፈልጎታል። አንተ የፍሬን ሁለት ታላላቅ እህቶች ከባሎቻቸው የለየሃቸው በምላስህ ብቻ ነው።»

ሥርጉት እንኳ አፏን ያዘች። ሃይላይ ባርኔጣውን እንደያዘ ተመልሶ ተቀመጠ።