እንደሷ ሙላልኝ

«ቆይ! ኤርሚያስ፣ እንዳትልከው!»

ወይንሸት ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ዘው ያለችው ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ላይ ተንሸራቶ፣ የሱቋን ቁልፍ እንደጨበጠች ነው። አስፋልቱን በሩጫ ስታቋርጥ ያየ የመርሳ ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ተነስቷል። በዚህ ዘመን መርሳ ላይ ሰው ሲሮጥ ከታየ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ልጁን ይጠራል፣ በሩን ይቆልፋል። ሁለት ባለሱቆች መዝጊያቸውን እስከ ግማሽ አውርደውት ነበር። ነገሩ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሆኑን ሲሰሙ ተራግመው መልሰው ከፈቱ።

ኤርሚያስ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። «ምን ሆነዋል እትዬ ወይንሸት? አስደነገጡን እኮ!»

«የልጄን ምን ብለህ ሞላኸው?»

«እንደ ሜላት።»

«እንደ ሜላት ማለት ምን ማለት ነው?»

«አዲስ አበባ አንደኛ፤ ሌላው ያው ተከታትሎ ይሄዳል። ከጠዋት ጀምሮ የመጣው ልጅ ሁሉ ‹እንደሷ ሙላልኝ› ነው የሚለኝ። እኔ ምን ላድርግ?»

ኤርሚያስ አልዋሸም። ዘንድሮ መርሳ ላይ ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ምግብ ቤት ገብቶ «ለኔም እንደሱ» እንደማለት ሆኗል። አንዷ ታዛለች፣ ሌሎቹ ያንኑ ይበላሉ። የምታዘው ደግሞ ሜላት ናት፤ የባለሆቴሉ ልጅ። አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሁለት ክረምት ከርማ ስለመጣች፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ከእሷ በላይ አዋቂ የለም ተብሏል። አሁንም የወይንሸትን ልጅ፣ የኤደንን አንገት አቅፋ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ የኤዱ ውጤት እኮ ከሁላችንም ይበልጣል» አለች ሜላት። «እሷ ሌላ ቦታ ብትገባ ሰው ምን ይላል? ደግሞም ላንለያይ ተማምለናል።»

ወይንሸት እንዳልሰማች ሆና ወደ ኤርሚያስ ዞረች። «ወልድያን አንደኛ አድርግልኝ።»

 ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። «ወልድያ? በሚኒባስ እየተመላለሰች ልትማር ነው?»

«እማ፣ በናትሽ…» አለች ኤደን፤ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ምን ይሆን እንደነበር አይታወቅም። መብራት ጥፍት አለ። ኤርሚያስ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «ይኸው! ደግሞ ሄደ። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው፤ በጠዋት ኑ። ያን ጊዜም ከሌለ ወልድያ ድረስ መሄዳችሁ ነው እንግዲህ።»

እናትና ልጅ አስፋልቱን ተሻገሩ። የግንቦት ፀሐይ አናት ይበሳል። ወታደር የጫኑ መኪኖች ወደ ሰሜን ሲያልፉ ሰዉ ቆሞ ይቆጥራል፤ ቆጥሮም «ሊጀመር ነው» ወይም «አይ፣ ቅያሪ ናቸው» ይባባላል።

ወይንሸት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላት። ካለፈው ዓመት የጦርነት ዝርፊያ የተረፋት መደርደሪያው ብቻ ነበር፤ አሁን ጥቂት ካንዴላ፣ ጥቂት ፊልትሮ፣ ጥቂት ኩሽኔታ መልሳ ደርድራበታለች። ሱቁን የከፈተላት ባሏ ተስፋዬ ነው። ተስፋዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ «ነበር» የሚል ሰው ፊት ወይንሸት አትቆምም። ባለፈው ሐምሌ የእርዳታ እህል ጭኖ ወደ መቀሌ ወጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተዘጋ። ሞተ ያላት የለም፣ አለ ያላትም የለም። ሞተ ቢሏት ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው መጥቶ፣ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። አሁን ግን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት «ወሬ አለ?» ይላታል፤ «የለም» ትላለች፤ ከንፈሩን መጦ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ብቻዋን ናት። ያላት ኤደን ብቻ ናት፤ ወልድያን የመረጠችውም ለዚሁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ሠርታ ትወስድላታለች፣ ልጅቷም ለበዓል ትመጣለች። ከዚህ ወዲያ አላሰበችም።

ሱቁን እንደከፈተች ስልኳ ጠራ። ደጀን ነው፤ የተስፋዬ ታላቅ ወንድም፣ ወልድያ የሚኖር። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ወልድያ ገብቷል።

«ወይኒ፣ ምንድን ነው የምሰማው? ወልድያ ብለሻል አሉ።»

«አጠገቤ ትሁንልኝ ብዬ ነው ጋሼ።»

«አጠገብሽ! እኔ እዚሁ ወልድያ አይደል እንዴ ያለሁት? አምና ከተማው ምን እንደሆነ ዘነጋሽው? አዲስ አበባ ትግባ። ሰው ‹የተስፋዬ ልጅ የት ደረሳት?› ሲለኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ልመልስ።»

«አዲስ አበባ ገብታ ምን ትማር ይላሉ?»

«የፈለገችውን ትማራ! አዲስ አበባ ከገባች ሌላው ምን ያደርግልሻል?»

ስልኩን ስትዘጋ በደጀን መናደዷ ቀርቶ በራሷ ተናደደች። «ምን ትማር» ያለችው ለክርክር ብላ ነው እንጂ እሷም ልጇን አንድ ቀን ጠይቃት አታውቅም። ወልድያስ ገብታ ምን ልትማር ነበር? እግዜር ይወቀው።

ኤደን ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጣ እግሯን ታያለች። ወይንሸት አፏን ልትከፍት ስትል አንድ ገበሬ «ጤና ይስጥልኝ!» እያለ ገባ። ሞላ ነው፤ የግራና ገጠር ሰው። ለውሃ መሳቢያ ሞተሩ ካንዴላ ፈልጎ ነው የመጣው። ኤደንን ሲያያት ግን ካንዴላውን ረሳው።

«ወይ ጉድ! የውሃ አባታችን እዚህ ነሽ እንዴ?»

ኤደን ከት ብላ ሳቀች። ግራና ላይ የመስኖ ውሃ በተራ ነው የሚለቀቀው፤ ተራውን የሚያስከብረው ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላል። የውሃ አባቱ የወይንሸት አባት፣ አቶ ብርሃኑ ናቸው። አምና መርሳ ስትያዝ እናትና ልጅ የሸሹት እሳቸው ዘንድ ነበር። የሽማግሌው ዓይን ስለደከመ በየቦዩ የምትዞርላቸው ኤደን ሆነች፤ ማሳ ለማሳ እየዋለች እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ትገባ ነበር። ያን ሰሞን ሌላው ሁሉ ወሬ ሲያዳምጥና ሲያለቅስ እየሳቀች ትገባ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ወይንሸት ያኔ ልጅነት ነው ብላ አልፋው ነበር።

«ውሃው ታች ማሳ አልደርስ ብሎ ሰው ሊጣላ ነው» አለ ሞላ። «ቦዩን ጠርገን ጠርገን ወገባችን ተቆረጠ፤ መልሶ ይደፈናል።»

«ከየት ጀምራችሁ ነው የጠረጋችሁት?»

«ከላይ ነዋ! የላዮቹ ተራ ይቀድም የለ? ጠረጋውም ከነሱ ነው የሚጀመረው፤ ድሮም እንዲሁ ነው።»

«እሱ እኮ ነው ጋሽ ሞላ!» ኤደን ብድግ ብላ ካርቶኑን ገለበጠችና በእስክሪብቶ ትስልበት ጀመር። «ታቹ ተደፍኖ እያለ ላዩን ስትጠርጉ ደለሉ ወዴት ይሂድ? ወርዶ እዚህ እጥፋት ላይ ይተኛል። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ የተነሳው ሁሉ መውጫ ያገኛል።»

«የላዮቹ እሺ አይሉማ። ‹የኛ ማሳ መጨረሻ ሊሆን ነው?› ይላሉ።»

«ጠረጋው ከታች፣ ተራው ከላይ። ሁለቱ ለየብቻ ነው። አያቴ ይንገሯቸው፤ እሳቸውን ይሰማሉ።»

ሞላ ካርቶኑን አዘቅዝቆም አቃንቶም አየው፤ አጥፎ ከጋቢው ስር ከተተው። የካንዴላውን ሂሳብ ከፍሎ ሲወጣ ወደ ወይንሸት ዞር አለ። «እትዬ፣ ይችን ልጅ ውሃ አስተምሩልን እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ሄደ። የኤደን ፊት ላይ ያ ሳቅ ለጥቂት ጊዜ ቆየና ጠፋ። ወይንሸት ወደ ልጇ ጠጋ አለች።

«ኤዱዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሜላትም ዝም ብትል፣ እኔም ዝም ብል፣ የት ነበር የምትሄጂው?»

ኤደን እስክሪብቶውን ከደነች። «አርባ ምንጭ።»

ወይንሸት አርባ ምንጭን በስም ነው የምታውቀው። ከአዲስ አበባ አልፎ ገና ሌላ የቀን መንገድ እንዳለው ግን ተስፋዬ ነግሯታል፤ አንድ ጊዜ ሙዝ ሊጭን ሄዶ ሳምንት ሙሉ ቀርቶ ነበር።

«ምን አለ እዚያ?»

«ውሃ። የፊዚክስ መምህራችን የውሃ ምህንድስና የሚታወቀው እዚያ ነው ብሎኛል። አዲስ አበባ ብገባ ከኔ የሚበልጥ ሞልቷል፤ የፈለግኩት ይድረሰኝ አይድረሰኝ አላውቅም። አርባ ምንጭ ብሄድ ግን ለምን እንደሄድኩ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ‹እንደ ሜላት› ማለትን ምን አመጣው?»

«አርባ ምንጭ ብዬ ነበር እኮ። ‹በዚህ ውጤት ወባ ልትለቅሚ ነው?› ብለው ሳቁብኝ። ሲስቁብኝ ጊዜ… ተውኩት። ደግሞ አዲስ አበባ ይሻላል፤ በአንድ ቀን እደርሳለሁ።»

«የት ነው የምትደርሺው?»

«አንቺ ጋ ነዋ!» ኤደን ጮኸች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። «ታጣቂዎቹ ተመልሰው ቢመጡ ከማን ጋር ትሸሻለሽ? አምና ግራና ስንወጣ ዳገቱ ላይ ቁጭ ብለሽ ‹እኔን ተይኝና ሂጂ› አላልሽኝም? ማን ነው ያስነሳሽ? አንድ ሌሊት እንኳን ብቻሽን ማደር አትችይም። ከተመለስን ጀምሮ በአንድ አልጋ ነው የምንተኛው። ለሽንት ስወጣ እንኳን ‹ኤዱ! ኤዱ!› እያልሽ ትከተይኛለሽ።»

«እኔ እኮ አንቺ ትፈሪያለሽ ብዬ ነው!»

«እኔ አልፈራም እማ። አንቺ እንድትተኚ ብዬ ነው።»

ወይንሸት ክው አለች። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጅቷ ደንግጣብኛለች፣ አቅፌያት ነው የማድር» ስትል ከርማለች። ለካ ታቅፋ የምታድረው ራሷ ኖራለች። አፈረች። ካፈረችው በላይ ግን ፈራች፤ አልጋው ባዶ ሆኖ ታያት። ተስፋዬ የለም፣ ልጅቷ የለችም፣ በሩ ኳ ባለ ቁጥር ብቻዋን ልትሰማው ነው። «ወልድያ ይሁንልኝ፣ እባክሽ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጣ። ብትለው ኤደን እሺ እንደምትል ታውቃለች፤ ይህን ማወቋ አፏን ያዘው።

ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ስለ ምርጫ አልተነጋገሩም። ሲመሻሽ ሱቁን ዘግተው ወደ ግቢያቸው ገቡ። ግቢውን የምትጋራቸው ሀጂራ ልብስ ከገመድ ላይ ትሰበስባለች፤ ሦስት ልጆቿ በዙሪያዋ ይተረማመሳሉ።

«ሀጂራ፣ ኤዱ ዛሬ አንቺ ዘንድ ትደር» አለች ወይንሸት።

«ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም። ብቻዬን ልደር ብዬ ነው።»

«ያ ረቢ! ምን የሚሉት ነገር ነው? ሰው ሰው ፍለጋ በሚሄድበት ጊዜ! በይ እኔ ልምጣና አብሬሽ ልደር።»

«አንቺም አትምጪ፣ ሀጂራዬ። ዛሬ ማንም እንዳይመጣብኝ።»

ሀጂራ ልብሱን እንዳቀፈች እናቲቱንም ልጅቱንም አየቻቸው። ሌላ ጊዜ ብትሆን እስከ ሥሩ ሳትጠይቅ አትለቅም ነበር። «እሺ፣ አላህ ያበርታሽ» ብላ ገባች።

ወይንሸት ከቁም ሳጥኑ ላይ ብርድ ልብስ አውርዳ ለልጇ አስታቀፈቻት። ኤደን አልተንቀሳቀሰችም።

«እማ፣ ይሄ ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ብታድሪ ምን ይለወጣል?»

«ከአንድ ቀን አይደል የሚጀመር?»

«ከፈራሽስ?»

«እፈራለሁ እንጂ! ማን አልፈራም አለሽ? እየፈራሁም ይነጋልኛል።»

«ልቅር እማ። አዲስ አበባ ይሁን፣ ወልድያም ይሁን፣ የፈለግሽውን…»

«ሂጂ አልኩሽ!» ስትቆጣ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። የልጇን ትከሻ ይዛ ከደጃፉ አወጣቻትና በሩን ገፍታ ዘጋችው።

ቤቱ ወዲያው ሰፋባት። የራሷን ትንፋሽ ትሰማለች። አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ወደ ሰሜን ይሂድ ወደ ደቡብ መለየት አልቻለችም። እግሯ ወደ በሩ መለሳት። ከውጭ ኤደን ቆማለች፤ ጫማዋ በበሩ ስንጥቅ ይታያል።

«እማ?»

«አቤት።»

«ነገ አርባ ምንጭን አንደኛ ባደርገው… ትቀየሚኛለሽ?»

ወይንሸት ግንባሯን ሳንቃው ላይ አስደገፈች። እንባዋ በአፍንጫዋ ወርዶ አፏ ገባ። ኤደን እንዳትሰማት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«አልቀየምሽም። የማንንም አታስገልብጪ፣ የራስሽን አስሞይ። በይ ሂጂ፣ ሀጂራ ትጠብቅሻለች።»

ጫማው ከስንጥቁ ስር ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ሄደ። የሀጂራ በር ሲከፈትና ልጆቹ «ኤዱ መጣች!» ብለው ሲጮሁ ሰማች። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ገፋችው።