የካታሪና ብርዝ

አበዛሽ ዋሽታ አታውቅም ቢባል ግማሹ የአዳማ ሰው ይምላል። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምራለች፤ ለተማሪ ግማሽ ማርክ እንኳ በከንቱ ለቃ አታውቅም። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች አገልግሎት ጸሐፊ ናት። ይህችው አበዛሽ ታዲያ በየዓመቱ በሴቶች እሑድ መድረክ ላይ ቆማ አንዲት ውሸት ትናገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ እሑድ የካታሪና ፎን ቦራን ሕይወት የምትተርከው እሷ ናት። ካታሪና ከደኸየ የጀርመን መኳንንት ቤት የተወለደች ሴት ነበረች። ገና በልጅነቷ ገዳም አስገቧት፤ ካደገች በኋላ ከጓደኞቿ ጋር በነጋዴ ጋሪ ተደብቃ አመለጠች፤ ማርቲን ሉተርንም አገባች። ባሏ ሲጽፍና ሲሰብክ ከብት ያረባችው፣ አትክልት የተከለችው፣ ቤት ሙሉ ተማሪና እንግዳ የቀለበችው እሷ ናት። ቢራም ትጠምቅ ነበር፤ ጣጣው የመጣው እዚህች ላይ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አበዛሽ ጽሑፏን ለሽማግሌዎች ብታሳይ፣ ሰብሳቢው ጋሽ ኪዳነወልድ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እህት አበዛሽ፣ መጠጥ በማይነካ ምእመን ፊት ከመድረክ ላይ ቢራ ሊጠራ ነው? ብርዝ በይውና ይለፍ።"

ምን ቸገረኝ ብላ ብርዝ አለችው። ሴቶቹ እንዴት ወደዱት! በዓመቱ ማር በጥብጠው በጀሪካን ተሸክመው መጡ፤ "የካታሪና ብርዝ" ተባለና ልማድ ሆኖ ቀረ። አበዛሽ በየዓመቱ አንድ ብርጭቆ ትቀበላለች፤ በየዓመቱም ሳትጨርሰው ታስቀምጠዋለች።

ዘንድሮ፣ በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ሰኔ፣ የካታሪና ጋብቻ አምስት መቶ ዓመት ሞላው። በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ጉዲቱ የአበዛሽን በር አንኳኳች። ጉዲቱ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጠላ እየጠመቀች ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። አራት ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ጠፍታ አታውቅም፤ የጌታ ራት ሲቀርብ ግን ሽማግሌዎቹ "ጠላውን ሳትተዪ አይሆንም" ስላሏት አንገቷን ደፍታ ትወጣለች።

"አካም ጅርቱ፣ ቲቸር? ደስ ይበልዎት፤ ጠላውን ተውኩት። ጋኖቹንም ሸጥኳቸው።"

"እሰይ! ታዲያ በምን ትኖሪያለሽ?"

"እንደ ካታሪና ልሁን ብዬ ብርዝ መሸጥ ጀመርኩ። ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ። ሰው አይገዛም እኮ! ጋሪ ነጂ ብርዝ ይጠጣል? ልጄ ጫልቱ የነርስ ትምህርቷን አቋርጣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ገባች።" ጉዲቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። "ካታሪና ያን ሁሉ ተማሪ በብርዝ እንዴት ቀለበች? ዘዴውን ይንገሩኝ። ካልሆነልኝ ወደ ጠላዬ ልመለስ ነው፤ ማዕዱም ይቅርብኝ።"

አበዛሽ አፈረች። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ደስ ባላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሷው ወለምታ አንዲት ልጅ ከክፍል አስወጥቶ ስፌት ማሽን ላይ አስቀምጧል።

"እሑድ ነይ፣ ያኔ እነግርሻለሁ" ብቻ አለቻት።

በማግሥቱ ጋሽ ኪዳነወልድ ዘንድ ሄደች። እውነቱን ልትናገር እንደሆነ ስትነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"ምእመን ይሰናከልብናል፣ አበዛሽ።"

"አንዷ እኮ ተሰናክላለች፣ ጋሼ" አለችና ወጣች።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። አበዛሽ ከገዳሙ ጀምራ፣ ጋሪውን፣ ሠርጉን፣ ከብቶቹን አነበበች። እዚያች ቦታ ስትደርስ ወረቀቱን አጠፈችው።

"ካታሪና የጠመቀችው ብርዝ አይደለም፣ ቢራ ነው። ሉተር መንገድ በሄደ ጊዜ እየናፈቀው ይጽፍላት ነበር። ብርዝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ዋሽቻችኋለሁ። ያንን ሰምታ አንዲት እህታችን እንጀራዋን ዘጋች። ጠጡ እያልኩ አይደለም። ግን አምስት መቶ ዓመት ስሟ ያልጠፋው ይህች ሴት ዛሬ በበራችን ብትገባ፣ ከኋላ ወንበር አስቀምጠን፣ ማዕዱ ሲቀርብ ውጪ ነበር የምንላት።"

ጋሽ ኪዳነወልድ ከፊት ወንበር ተነሡ። አበዛሽ በልቧ፣ አለቀልኝ፣ አሁን ከመድረክ ሊያወርዱኝ ነው አለች።

"ብርዝ ያሰኘኋት እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው፤ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሳምንት ተሰበሰቡ። እኛ አገር ስብሰባ ቶሎ አያልቅም፤ ተጨቃጨቁ፣ ጸለዩ፣ እንደገና ተጨቃጨቁ። ሴቶቹ ግን ውሳኔ አልጠበቁም። ጠላ ቀምሰው የማያውቁ የመዘምራን እናቶች አዋጥተው ሁለት ጋን ገዙ፤ በጠራራ ፀሐይ በጋሪ አስጭነው፣ መንገደኛው እያየ እየሳቀባቸው፣ ጉዲቱ ደጃፍ አራገፉ። ጫልቱም በመስከረም ወደ ክፍሏ እንደምትመለስ ተናገረች።

በሐምሌ የጌታ ራት ሲቀርብ፣ ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ትቅረብ ብለው ቢወስኑም፣ ጉዲቱ እንደ ልማዷ ልትወጣ ነጠላዋን ሰበሰበች። አበዛሽ ክንዷን ይዛ ወደ ፊት ወሰደቻት። እንጀራውን ይዘው የቆሙት ጋሽ ኪዳነወልድ ነበሩ። ጉዲቱ እፊታቸው ስትደርስ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

"ጌሾ ስወቅጥ አድሬ ነው፣ ጋሼ። ይሸታል።"

"ግድ የለም፣ ልጄ። እጅሽን ዘርጊ" አሏት።

ዘረጋች።