የሊሚ ተራ

እሌኒ ሊሚን ማስጠናት የጀመረችው ጥቅምት ላይ ነው። በኬሚስትሪ ተመርቃ ሥራ ስላጣች ሽሮ ሜዳ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞረች ታስጠናለች። እስከዚያ ቀን የያዘቻቸው ልጆች ወይ ጎበዞች ወይ ሰነፎች ነበሩ፤ ሌላ ዓይነት ልጅ አላጋጠማትም።

ሊሚ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ የከተማውን ፈተና ትወስዳለች። እናቷ የሞተችባት በሕፃንነቷ ነው። አባቷ ጃለታ እንጦጦ ጋራ ላይ ተወልዶ ያደገ ግንበኛ ነው፤ ድንጋይ ገና ሲያነሳው የት እንደሚገባ ያውቃል፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። የመጀመሪያው ቀን እሌኒን በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላትና፣ «ማንበብስ ታነባለች። ራት ከበላን በኋላ ለእኔም ታነብልኛለች። አንቺ ሒሳቧን ጠበቅ አድርጊልኝ» አላት።

በሁለተኛው ሳምንት እሌኒ ነገሩ ገባት። ሊሚ የአማርኛ መጽሐፏን ገልጣ ስለ ንብ ማነብ ጥርት አድርጋ ስታነብ ዓይኗ ገጹ ላይ አልነበረም። እሌኒ አንዷን ቃል በጣቷ ጠቁማ፣ «ይቺ ምን ትላለች?» አለቻት። ሊሚ የንቡን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረች። «ይቺስ?» እንደገና ከመጀመሪያው። ሌሎች ልጆች ክፍል ውስጥ ሲያነቡ እየሰማች መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛዋለች እንጂ «በ»ን ከ«ሰ» አትለይም።

«ትናንት ያወቅኳት ፊደል ዛሬ ስመጣ አታውቀኝም» አለች ሊሚ። ከዚያ የእሌኒን እጅ ያዘች። «ቲቸር፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው። ሰው በመጣ ቁጥር ልጄ አንባቢ ናት ነው የሚለው።»

እሌኒ አልነግርም ብላ ቃል ገባችላት።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከረችው የለም። ፊደል በጭቃ አስጠፈጠፈቻት፣ በባቄላ አስደረደረቻት፣ ጀርባዋ ላይ በጣቷ እየጻፈች «ማን ናት?» አለቻት። ሰኞ የተያዘችው ፊደል ረቡዕ የለችም። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ፣ «እንዴት አንዲት ፊደል ታቅትሻለች!» ብላ ጮኸችባት። ሊሚ «ይቅርታ ቲቸር» አለቻት። እሌኒ ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እያለቀሰች ነው ቤቷ የገባችው። ሊሚን የሚረዳትን እንደማታውቅ ገብቷታል፤ የሚያውቅ ሰው የት እንዳለ ግን አታውቅም።

የካቲት ላይ የሊሚን ርእሰ መምህርት ወይዘሮ አፀደን ሄዳ አናገረች። ወይዘሮ አፀደ ክፉ ሴት አይደሉም። «በቃል ስጠይቃት ከሁሉም ቀድማ ትመልሳለች፤ እኔም አይቻለሁ» አሏት። «ችግሯን የሚገልጽ የሆስፒታል ወረቀት ካመጣሽልኝ ጥያቄውን የሚያነብላት ሰው እንዲመደብላት እጽፋለሁ። ያለ ወረቀት ግን ምንም ማድረግ አልችልም።»

ሆስፒታል የሰጣት ቀጠሮ ሐምሌ ነበር፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ። ብትለምን ብትማጸን መዝጋቢዋ፣ «የሚቀር ሰው ከተገኘ በመልእክት እንጠራችኋለን። የወላጅ ስልክ አስመዝግቢ» አለቻት። እሌኒ የጃለታን ቁጥር ሰጠች። ለእሱ ግን የዓይን ምርመራ ነው ብላ ሸፋፍና ነገረችው።

ሚያዝያ ላይ እሌኒ አክስቷ ደብረ ብርሃን ሞተችባትና ለቅሶ ሄዳ አንድ ሳምንት ቆየች። በተመለሰች በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ጃለታ ስልኩን አቀበላት። «የዓይን ሐኪሙ ጠፋ እኮ። እስቲ እይልኝ።»

መልእክቱ ከሌሎቹ መሃል ተቀምጧል፦ የሊሚ ጃለታ ቀጠሮ ወደ ሐሙስ ሚያዝያ 16 ጠዋት 2 ሰዓት ተቀይሯል፤ ካልቀረቡ ተራዎ ለሌላ ይሰጣል።

«ጋሼ ጃለታ፣ ይሄ ያለፈው ማክሰኞ የገባ ነው። ማን አነበበልዎ?»

«ሊሚ ናታ። የጥቅል ማስታወቂያ ነው አለችኝ።»

እሌኒ እዚያው ቆማ ሆስፒታል ደወለች። ተራው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል፤ የሐምሌውም አብሮ ተሰርዟል። አሁን የሚገኘው ጥቅምት ነው፤ እሱን አስያዘች።

«ምንድን ነው ያለፈን?» አለ ጃለታ።

«የዓይን አይደለም። ሊሚ… ማለቴ… ማንበብ አትችልም።»

ጃለታ ሳቀ። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዶ እጁ ያገኘውን ገጽ ገለጠና አጠገቡ በተቀመጠችው ልጁ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። «አንብቢ እስቲ።»

ሊሚ ጀመረች። ስለ ንቦቹ፣ ስለ ቀፎው፣ ስለ አውራዋ፣ አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ ወረደችው። የተገለጠው ገጽ ስለ መንገድ አቋራረጥ ነበር።

ጃለታ ፊቱ በርቶ ወደ እሌኒ ዞረ። «ልክ ነው አይደል? ያነበበችው እዚህ ያለውን ነው አይደል?»

ሊሚም ቀና ብላ አየቻት።

«አይደለም» አለች እሌኒ።

ጃለታ መጽሐፉን ከልጁ ጉልበት ላይ አንስቶ ዘጋው። «አንቺ ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ከጥቅምት ጀምሮ።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ መልእክቱን ጎረቤት አስነብበው ነበር።» ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

«አባዬ፣ ሁልጊዜ የሚመጣው የጥቅል ስለሆነ ነው እኮ…» አለች ሊሚ፤ አልጨረሰችውም።

እሌኒ በቀረው ጊዜ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። አንዱ ሐኪም ውጭ አገር ነው፣ አንዱ እንዲህ ዓይነት አላይም አላት፤ ወይዘሮ አፀደም ወረቀቱን ደግመው ጠየቋት። የፈተናው ቀን ጠዋት ሦስቱም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ ጃለታ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው።

«ቲቸር፣ የቱን ላጥቁር?»

«ባዶ አትተዪ። ከአራቱ አንዱን አጥቁሪ።» ስምንት ወር አስጠንታት በመጨረሻ የምትነግራት ይህን ብቻ ሆነ።

ስትወጣ ጣቶቿ በእርሳስ ጠቁረዋል። «ሁሉንም አጠቆርኩ» አለች። ጃለታ «ጎበዝ» አላት።

ውጤቱ ሲመጣ ወድቃለች። እሌኒ ልትነግረው ስትሄድ ጃለታ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሰምቷል።

«አሁን ምንድን ነው የምናደርገው?»

«ጥቅምትን እንጠብቃለን፣ ጋሼ ጃለታ። በዚያኛው እኔው ራሴ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ከዚያስ?»

እሌኒ አጠገቡ ተቀመጠች። ስልኩን ተቀብላው የገቡትን መልእክቶች አንድ በአንድ ታነብለት ጀመር።