የይገዙ ሆልብሩክ ሰባት ቤት

ይገዙ ወልደኪዳን የሙታንን ስም የወሰደው በጠራራ ፀሐይ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ ነው። ያስገደደው የለም።

ጊዜው በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነው። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ሳንዲ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ፣ ከአንድ አፓርታማ ጀርባ ያለችውን የአንድ ቤተሰብ መቃብር ሣር ሲያጭድ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሃያ ሦስት ድንጋይ አላት፤ ሁሉም ላይ ሆልብሩክ የሚል ተቀርጿል። ከሰማንያ ዓመት ወዲህ የተቀበረ የለም፤ አበባ ይዞ የመጣም የለም። የዜግነቱ ፎርም ስም መለወጥ ይፈልጋሉ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ብዙ አላሰበም። አለቃው ወልደኪዳን ማለት አቅቶታል። በአገሩ ደግሞ ስም የአንድ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ያርፋል። ወድቆ የቀረ ስም ቢያነሣ ማን ይቀየመዋል?

የአዲሱን ስም ትርጉም የጠየቀው ከማለ በኋላ ነው። በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ሽማግሌ ፈረንጅ መጽሐፍ ገልጦ አስረዳው።

"በድሮ እንግሊዝ፣ ጥልቅ ሰርጥ ውስጥ ጅረት ይወርዳል። እዚያ ዳር የሚኖረውን ሰው በጅረቱ ስም ሆልብሩክ ብለው ጠሩት። ጸሐፊ መጥቶ መዘገበው። ልጁም፣ የልጅ ልጁም፣ ባሕር ተሻግሮ ጆርጂያ የገባውም በዚያው ተጠራ።"

"ጅረቱን ትተው ከሄዱ በኋላም?"

"በኋላም። ሰው ይሞታል እንጂ ስሙ አይሞትም። ተሸካሚ ብቻ ይለውጣል።"

ሽማግሌው ሣቀ። ይገዙ አልሣቀም።

በዚያ ነሐሴ ዝናብ ጠፋ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ማጨጃውን አጥፍቶ ላቡን ሲጠርግ፣ ከድንጋዮቹ ሥር ውሃ ሲወርድ ሰማ። ጆሮውን መሬት ላይ ለጠፈ፤ ውሃ ነው። ቧንቧ ፈንድቷል ብሎ ለአለቃው ነገረው። ሰዎች መጥተው አጥሩ ሥር ቆፈሩ። አፈሩ እንደ ዱቄት የደረቀ ነው። አፈሩን መልሰው ሲሄዱ ውሃው መውረዱን ቀጠለ።

ለሚስቱ ለፋናዬ አልነገራትም።

በጥቅምት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ልጁን ሲናን ፊልጶስ ለሚባል ወጣት ሊጠይቁ ሽማግሎች ከሎረንስቪል ከተማ መጡ። መሪያቸው የፊልጶስ አጎት አቶ ተክሌ ናቸው። ሁለቱ ቤተሰቦች የአንድ አውራጃ ሰዎች ስለሆኑ፣ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ነገሩ አይያዝም። የወንዱን ወገን ሽማግሎቹ ይዘው ይመጣሉ፤ የሴቷን የሙሽሪት አባት ቆሞ ይቆጥራል።

"ዲኤንኤ ቴስት ኦርደር እናድርግ አልኩ እኮ፣ ላይክ፣ ምራቅ ብቻ ልከን በሁለት ሳምንት ይመጣል" አለች ሲና ከማድ ቤቱ በር።

"ልጄ፣ ምራቅ አባቱን በስም አይጠራም" አሉ አቶ ተክሌ። ቤቱ ሣቀ። "በሉ አቶ ይገዙ፣ ይቁጠሩልን።"

ይገዙ ተነሣ። ቆጠራውን በሰባት ዓመቱ አባቱ በአርጩሜ አስጠንቶታል።

"ይገዙ..." አለ።

ቀጣዩ ስም ቦታው ላይ የለም። ምላስ የወለቀ ጥርስ ቦታ እንደሚዳብስ ዳበሰው። ከዚያ አፉ በራሱ ቀጠለ።

"ይገዙ ቶማስ፣ ቶማስ ኤድመንድ፣ ኤድመንድ ጆን..."

"ኧረ አቶ ይገዙ! እኛን ሳይጠብቁ ቀመሱ እንዴ?" አሉ አቶ ተክሌ እየሣቁ።

አላቆመም። ሰባትን አልፎ ስምንት፣ ዘጠኝ ደረሰ። ድንጋዮቹ ላይ ያልተቀረጹ፣ አንብቧቸው የማያውቃቸውን ስሞች እንደ ዳዊት ደጋሚ ያወርዳቸዋል። ሣቁ ቆመ።

ፋናዬ ክንዱን ያዘችው። "አንተ ሰውዬ! ወልደኪዳን በል እንጂ!"

"እሱ ደግሞ ማነው?" አላት። ቀልድ አልነበረም።

ፋናዬ እጇን ለቀቀች። ከሠላሳ ዓመት በፊት እሷ ስትጠየቅ የይገዙ ሽማግሎች ሲቆጥሩ ከበር ኋላ ሆና የሰማችውን፣ ፊቷን ወደ ሽማግሎቹ አዙራ ራሷ ቆጠረች። "ይገዙ ወልደኪዳን፣ ወልደኪዳን ደስታ፣ ደስታ ብሩ..." ሰባቱንም ሞላች።

አቶ ተክሌ ስሞቹን ከፊልጶስ ወገን ጋር በጣታቸው አመሳከሩ።

"ንጹሕ ነው፤ አይዛመዱም" አሉ። "ነገር ግን አባቱን ከማያውቅ ሰው ልጅ አንቀበልም። የእናት ወገን ይስጠን።"

"እሱ ነው አባቴ!" አለች ሲና። "አባዬ፣ ሰይ ሰምቲንግ!"

ይገዙ ልጅቱን አያት፤ ማንን እንደምትጠራ ለማወቅ ዞር ብሎ ወደ ኋላው ተመለከተ።

የፋናዬ ወንድም ገሠሠ መጥቶ በይገዙ ወንበር ተቀመጠ። ልጅቱን ሰጠ። ሲና እያለቀሰች የአጎቷን ጉልበት ሳመች። ይገዙ ግድግዳውን ተጠግቶ ከቆሙት ጋር አጨበጨበ።

መንገድ ተዘግቶባቸው የዘገዩት ሽማግሌ፣ አቶ ብርሃነመስቀል፣ ያን ጊዜ ገቡ። ሰውን በየተራ ጨብጠው እሱ ዘንድ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እንኳን ደስ ያላችሁ። እርስዎስ በየት በኩል ነዎት? በእናት ነው በአባት?"

ይገዙ ጥያቄውን በጥሞና አሰበበት። ሰውየውን ማሳፈር አልፈለገም።

"ጎረቤት ነኝ" አለ።