ቢጫው ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ

በእኛ መንገድ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ዘጠኝ አረጋውያን አሉ። የከተማው አስተዳደር ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቢጫ ጨርቅ ሰጣቸው። ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት በመስኮታቸው ያወጡታል፣ ሲመሽ ያስገቡታል። ጨርቁ ከወጣ ባለቤቱ ደህና ነው ማለት ስለሆነ ማንም ሄዶ አይነዘንዘውም። ካልወጣ የመንገዱ ጠባቂ ታንኳኳለች። መልስ ካጣች ለከተማው ትደውላለች፣ እነሱም መጥተው በሩን ይከፍታሉ። በስብሰባው ላይ ይህ ሲነገረን ሁሉም አጨበጨበ። ጠባቂ ማን ይሁን ሲባል ግን ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ። እጄን አወጣሁ።

ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ሌላ ሰው ቢይዘው አንድ ቀን ይረሳል፣ በዚያችው ቀን አንዱ ወድቆ ይቀራል ብዬ ነው። እኔ እንዲህ ነኝ። ስልክ ሲጠራ ማን ሞተ እላለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች በሐሳቤ ሆስፒታል ደርሼ እመለሳለሁ። ሰፈሩ ያወጣልኝ ስም «ሟርቴ» ነው። በፍቅር ነው ይላሉ።

በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። መጀመሪያ ጡረተኛው ፖስተኛ እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር። ቀጥሎ ከጥግ ያሉት ሴትዮ ጨርቁን አጥበው ጓሮ አስጥተውታል። ሦስተኛው ደግሞ እንደገና ፖስተኛው ናቸው። ሬዲዮ ከፍተው ገላቸውን ሲታጠቡ የማንኳኳቴን ድምፅ አልሰሙም። በሩ ተሰብሮ እሳት አደጋዎች ሲገቡ በፎጣ ተጠቅልለው ብቅ አሉና «ሟርቴ፣ ለቀብሬ እንኳ ሱሪ ላድርግ እንጂ» አሉኝ። ሰፈሩ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀ። በሩ እስኪጠገን ሁለት ቀን ፈጀ።

ከዚያ አስተባባሪዋ መጣች። ከከተማው ቢሮ የምትላክ ወጣት ናት።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በከንቱ ከደወሉ መንገዱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። የኔ ፍላጎት አይደለም፣ አሠራሩ ነው» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ብትወስድልኝ ባረፍኩ ነበር። በየማለዳው ዘጠኝ መስኮት ማየት ቀላል ይመስላል እንጂ ያደክማል። እግሩስ ባልከፋ፣ የሚያደክመው እያንዳንዱ መስኮት ጋ ከመድረሴ በፊት ልቤ የሚሠራው ሥራ ነው።

ያን ረቡዕ ልጄ የጫማዋን ክር እያሰረች እንደ ልማዷ «እማዬ፣ ዛሬ ማንን ልትገድዪ ነው?» አለችኝ።

«አፍሽን ዝጊና ቁርስሽን ጨርሺ» ብያት ወጣሁ።

ሰባተኛው መስኮት የሲስተር ነው። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። የመንገዱን ልጆች ግማሹን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፣ የእኔንም ጨምሮ። ጨርቃቸውን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ጠርዙ እንደ ሆስፒታል አንሶላ ተስተካክሎ ይታጠፋል፣ በሁለት የእንጨት መቆንጠጫ እኩል ተራርቆ ይያዛል። ያን ቀን ግን አንዱ ጫፍ ወርዶ ተንጠልጥሏል። የያዘውም መቆንጠጫ ሳይሆን መርፌ ቁልፍ ነው።

መንገዱ መሐል ቆምኩ። ቢሆንም ጨርቁ ወጥቷል፣ አሠራሩ አሠራር ነው። መዝገቡ ላይ «ወጥቷል» ብዬ ጻፍኩና ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን አየሁ። ወደ ቤቴ መሄድ ስችል ግን ወደ ሲስተር በር ተመለስኩ።

ከሲስተር ቤት ትይዩ የልብስ ሰፊው ሱቅ አለ። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደጣሉ ወጡ።

«ጨርቁ ወጥቷል» አሉኝ፣ ምንም ሳልጠይቃቸው።

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«ከወጣ ደግሞ አይንኳኳም።»

«አላንኳኳሁም እኮ።»

«እጅሽ በሩ ላይ ነው።»

እውነታቸውን ነው። እጄን አወረድኩ።

«ሲስተር በመርፌ ቁልፍ አይሰቅሉም» አልኩ።

«መቆንጠጫው ተሰብሮ ይሆናላ።»

«ሁለቱም?»

ሰፊው ዞረው መስኮቱን አዩ። ሸሚዛቸው ደረት ላይ ሦስት መርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። አየሁት፣ ማየቴንም አዩ።

«ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳላየሽ እለፊው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ይህን ጊዜ ከውስጥ የሲስተር ድምፅ መጣ። «አስገባት። ካልገባች በሩን ታሰብርብኛለች።»

አልጋቸው ከመኝታ ቤት ወጥቶ እፊት ለፊቱ ክፍል ገብቷል። አጠገቡ የሻይ ፔርሙስና ግማሽ ዳቦ ያለበት ትሪ አለ። ግራ እግራቸው ሁለት ትራስ ላይ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል። አልወደቁም። አንድ ጠዋት ሲነሱ አልሸከም አላቸው፣ ይኸው ነው። ልብስ ሰፊው ቁልፍ ይዘው ምግብ ያስገቡላቸዋል፣ ጨርቁንም በውጭ በኩል ይሰቅሉላቸዋል፤ እስከ ትናንት እንደ እሳቸው አጥፈው በመቆንጠጫ ነበር፣ ዛሬ ቸኩለው በመርፌ ቁልፍ ሰኩት።

«ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ አራት እርምጃ ናት። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ተኝቼ ለካኋት» አሉ ሲስተር።

አሥራ አንድ ቀን። አሥራ አንድ ጊዜ «ወጥቷል» ብዬ ጽፌያለሁ።

ለምን እንደደበቁ አልጠየቅኩም። ወረቀቱን አውቀዋለሁ፣ ለዘጠኙም ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ጨርቁን በራሱ እጅ ማውጣት ያልቻለ ሰው ለቤተሰቡ ይነገርና ወደ አረጋውያን መጦሪያ ይዛወራል ይላል። የሲስተር ልጅ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። የመጦሪያውን ፎርም ሞልቶ ካስቀመጠ ቆይቷል።

«ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ስለሚያስብልኝ ነው» አሉኝ። «ግን እኔ አርባ ዓመት በሰው አልጋ ዙሪያ ቆሜያለሁ። ከዚህ ቤት ከወጣሁ አልመለስም።»

«ዛሬ እኮ አስተባባሪዋ መዝገቡን ልታይ ትመጣለች።»

«አውቃለሁ። ረቡዕ አይደል።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ብናገር እሳቸውን ልጃቸውን ካሳደጉበት ቤት፣ ከገዛ መስኮታቸው ነቅዬ የማስወጣው እኔ ነኝ። ዝም ብል ደግሞ የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሜ አየሁት፣ እስከ ለቅሶው።

«ነገ ጠዋት መጥቼ…» ብዬ አቆምኩ።

«ሞቼ ብታገኚኝ?»

«አዎ።»

«ያኔ ትደውያለሽ። ሟርቴ አንድ ጊዜ እንኳ በትክክል ደወለች ይባልልሻል።»

ሰፊው ሳቁና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔ አልሳቅኩም። እግሩን እያየሁ ነበር። የረጋ ደም ከእግር ተነስቶ ልብ ይደርሳል ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ።

«ጤና ጣቢያ ካላየው አልደብቅም» አልኩ።

«አንቺ እኔን ልታሳክሚ?»

«እፈራለሁ ሲስተር።»

«ፍርሃትሽንማ አውቀዋለሁ። ስትወልጂም እንዲሁ ነበርሽ። ልጅቷ እሪ እያለች አንቺ ሞታለች፣ ሞታለች ትያለሽ።» ትንሽ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እሺ፣ ጥሪልኝ።»

እኩለ ቀን ላይ ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጣች። ረጅም ጊዜ እያገላበጠች አየችው። የረጋ ደም አይደለም፣ መገጣጠሚያው ነው አለች። መድኃኒት ሰጥታ፣ ደግፎ የሚያስነሳቸው ሰው ካለ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ምናልባት ይራመዳሉ አለች። ከተናገረችው ሁሉ እኔ ይዤ የሄድኩት «ምናልባት» የምትለዋን ነው።

አሥር ሰዓት ላይ አስተባባሪዋ ደረሰች። ደጃፌ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አንድ ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟ ተልጧል።

«አሥራ አራተኛ መንገዴ ነው» አለችና መዝገቡን ተቀበለችኝ። ጣቷን በስሞቹ ላይ እያወረደች መጥታ ሰባተኛው ላይ ቆመች። «ሲስተርስ?»

«ጨርቁ ወጥቷል።»

ይህ ሐሰት አይደለም። መዝገቡ ላይ ማን አወጣው የሚል ቦታ የለም። ግን ፊቴ ምስጢር አይችልም፣ ልጄ ሁልጊዜ ትነግረኛለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ደህና ናቸው ግን?»

ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ ስለ ማንም ሰው ደህና ነው ብዬ ሳበቃ «ግን» ሳልል ቀርቼ አላውቅም።

«ዛሬ ገብቼ አይቻቸዋለሁ። ደህና ናቸው» አልኩ። ከአፌ የወጣውን ለመመለስ ስላቃተኝ ጨመርኩበት። «ነገም እገባለሁ። በየቀኑ እገባለሁ።»

«ከወጣ እኮ መግባት ግዴታዎ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ጣቷን ከሰባተኛው ስም ላይ አነሳች። ምን እንዳሰበች እስከ ዛሬ አላውቅም። ፈረመችና ጫማዋን አጠለቀች።

«በዚህ ወር አንድም የከንቱ ጥሪ የለም። ጎበዝ ነዎት እትዬ» ብላኝ ሄደች።

ስድስት ወር ለፍቼ የተመሰገንኩት መደበቅ በጀመርኩበት ቀን ነው።

በማግስቱ ከወትሮው ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ወጣሁ። ከልብስ ሰፊው ቁልፍ ተቀብዬ ሳልከፍት ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ሞቻለሁ፣ ግቢ» አሉ ሲስተር።

ብብታቸው ሥር ገብቼ አስነሳኋቸው። ቀላል ሰውነት ያላቸው ይመስለኝ ነበር፣ አይደሉም። አንዷን እርምጃ ሄድንና ቆምን። ሁለተኛዋ ላይ ጥርሳቸውን ነከሱ። ሦስተኛዋ ላይ «ከምጥ ይብሳል» አሉ፣ እኔም «እርስዎ መቼ አምጠው ያውቃሉ፣ አዋላጅ ነበሩ እንጂ» አልኳቸው። ልጃቸውን ረስቼው ነው። «የሌላው ሰው ምጥ ነው የበዛብኝ» አሉና አራተኛዋን ሄድን።

ጨርቁን ራሳቸው አጠፉት፣ ጠርዙን በጥፍራቸው አስተካከሉት። የመጀመሪያው መቆንጠጫ ከእጃቸው አምልጦ መንገድ ላይ ወደቀ። ሰፊው አንስተው፣ አቧራውን በሱሪያቸው ጠርገው፣ በመስኮቱ በኩል አቀበሏቸው። እኔ ከወገባቸው ጨብጬ ይዣለሁ፣ ጀርባዬ ይሰነጠቃል። እሳቸው አንዱን ከያዙ በኋላ ሌላውን እኩል ርቀት ላይ ለማድረግ ሁለት ጊዜ ለኩ።

አልጋቸው ላይ መልሼ ሳስተኛቸው ሁለታችንም ያልበን ነበር።

«ነገም እንዲሁ ነው?» አልኩ።

«ነገም እንዲሁ ነው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል አይቼ ወጣሁ።

ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ገና ስምንት መስኮት አለብኝ። የፖስተኛው ከዚህ ቆሜ ሳየው ባዶ ይመስላል።