ስም አውጪው

ሸምሶ መውደቅ ትቷል። ቡታጅራ ገበያ መሃል፣ በርበሬ ክምር ላይ ሳይቀር ይዘርረው የነበረው የሚጥል በሽታ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ጭንቅላቱን ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ አልተመለሰም። ሚስቱ ሳሌሃ ለዚህ አልሃምዱሊላህ ትላለች፤ ከልቧ ነው። ግን ሐኪሞቹ በሽታውን ሲያወጡ ሌላም ነገር ተነክቷል፤ አዲስ ቃል እሱ ዘንድ አያድርም። የድሮውን ጠይቁት፣ የሰፈሩን ሰው ከነቅድመ አያቱ ይቆጥርላችኋል። ጠዋት የነገሩት ስም ግን ከሰዓት የለም። ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመው ተነግሯቸው ነበር። ከመውደቅ ይሻላል ብለው ፈረሙ።

ወንድ ልጅ ሲወለድለት "ሙንታሲር ይባል" ያለው ራሱ ነው። በማግስቱ ስሙን መልሶ ጠየቃት። ከዚያ ወዲያ ሳሌሃ አራስነቷን ትታ አስጠኚ ሆነች። ልጁን ባሳቀፈችው ቁጥር ስሙን ታስደግመዋለች፤ ይላል፤ ደስ ይላታል፤ ሻዩን ጠጥቶ ሲነሳ ጠፍቷል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

የሸምሶ አጎት ሳላሀዲን ነገሩ ገብቶት፣ በግ ታርዶ ስም በሚወጣበት በአቂቃው ቀን ስሙን ለሸሁ እኔ ልንገር ብሎ ነበር። አሻፈረኝ ያለችው እሷ ናት። ሲወድቅ ይሸሹት በነበሩ ጎረቤቶች ፊት፣ አባት እያለ ስም በሌላ ሰው አፍ አይወጣም አለች። ባሏን ትወዳለች፤ ፍቅርም ያሳስታል።

በሰባተኛው ቀን በጉ ታረደ፣ ወንዶቹ ሳሎኑን ሞሉት። ሳሌሃ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጠች። ሸህ ሸረፋ ሕፃኑን ታቅፈው፣ "ሸምሶ፣ ማን እንበለው?" አሉ።

ሸምሶ ግንባሩን አሸ። በመጋረጃው ክፍተት ታየዋለች። ስሙ ምላሷ ላይ ነው። ብትጮህለት ታዋርደዋለች፤ ዝም ብትልም መዋረዱ ነው።

ከዚያ ፊቱ በራ።

"ኡበይድ" አለ።

ኡበይድ ከኦፕራሲዮኑ በፊት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የቀበሩት የበኩር ልጃቸው ነው። ሳላሀዲን ቀና አለ፤ ሸሁ ግን ስሙን በሕፃኑ ጆሮ ጠርተው ጨርሰው ነበር። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ማን ይመልሰዋል?

ሸምሶ ልጁን ታቅፎ እየሳቀ ወደ ጓዳ ገባ።

"አልረሳሁም አይደል?" አላት።

"አልረሳህም" አለችው።

ሕፃኑን ተቀብላ ጡቷን ሰጠችው። ሸምሶ ቆሞ ስለሚያያት ሕፃኑን ኡበይድ ብላ ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣላትም።